ባዶነቱ የጠፋበት ዕቃ

በጥር ወር ማለዳ ዲንሾን ያላየ ሰው አመዳይ ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። ሣሩ ነጭ ነው፤ የቤቱ ቆርቆሮ ነጭ ነው፤ ውጭ ያደረ ፈረስ ጀርባው ነጭ ሆኖ ይነጋል። ከተማችን ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ካለበት ጫካ አጠገብ የተቀመጠች ናት። የደጋ አጋዘን ከሰው አጥር ሥር ሲግጥ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ በጥር ማለዳ ውሃው ያልረጋ ባልዲ ማግኘት ግን ብርቅ ነው።

አንባቢያን ሆይ፤ ይህን የማወራችሁ ለቆላ ሠራተኛ የበረሃ አበል እንደሚሰጠው ሁሉ ለእኛም የብርድ አበል ይታሰብልን ለማለት አይደለም። (ቢታሰብ ግን እኔ አልቃወምም።) ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ይህ አመዳይ አንድ ወዳጄን አሳሳተው፤ በዚያም ስሕተት የተጎዱት እርሱም እኔም አልነበርንም፤ አንድ የገጠር ሽማግሌ ነበሩ።

ወዳጄ በአንድ ግቢ አብሮኝ የተከራየ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራው ከብት ማዳቀል ነው። የተመረጠ ኮርማ አባለዘር ሩብ ሚሊ ሊትር ብቻ በምትይዝ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ታሽጎ፣ በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ቀዝቅዞ ይመጣለታል፤ እርሱም ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ጭኖ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት ይዞራል። ዕቃውን አይታችሁት ካላወቃችሁ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ እንስራ አስቡ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ አፉ በስፖንጅ መሳይ ውታፍ የተከደነ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። እዚህ እኛ ጋራ እንዲያውም ሁለት ሦስት ዲግሪ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በዲንሾ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ናይትሮጂንም ከሌላው አገር ቀዝቅዞ ይፈላል። ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግራችሁ የባሌ ልጆች ምክንያቱን በዚሁ ያዙት።

በዚያ ማለዳ ዕቃው በረንዳ ላይ ነበር። ትከሻው ላይ ነጭ አመዳይ ተጋግሮበታል። እኔም አየሁት፤ እርሱም አየው። ማን ይጠራጠራል? በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ አመዳይ ያልነካው ነገር አልነበረም። ወዳጄ በጨርቅ ጠረገውና ወደ ቢሮው ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሐጂ በፈረስ መጡ። ላማቸው ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ አይተዋታል፤ ጠዋት የታየች ላም ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች የሚለውን ደንብ ከወዳጄ ተምረዋልና ጊዜ አላባከኑም። የገዛ ኮርማቸውን በዐረፋ ሰሞን ሸጠውታል፤ የሸጡትም «ከእንግዲህ መንግሥት የሚያመጣው ይበልጣል» የሚለውን ምክር ሰምተው ነው። ወዳጄ ክዳኑን ሲከፍት የለመደው ነጭ ጢስ አልወጣም። የእንጨት ማስመሪያውን አስገብቶ አውጥቶ በአየር ላይ አወዛወዘው። በደኅና ጊዜ ፈሳሹ እስከ ደረሰበት ድረስ ማስመሪያው ላይ ነጭ የበረዶ መሥመር ይታያል፤ ጥልቀቱም በዚያ ይነበባል። ያን ቀን እንጨቱ እንደ ገባ ወጣ።

ሐጂው «ባዶ ነው ማለት ነው?» አሉት።

«አዎን ሐጂ፤ ባዶ ነው።»

ሽማግሌው ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ፈረሳቸውን አዙረው ሄዱ። አንዲት ላም እንደገና ኮርማ እስክትፈልግ 21 ቀን ያህል ይጠበቃል። 21 ቀን ለቢሮ ሰው የአንድ ደብዳቤ መልስ መጠበቂያ ነው፤ ለሐጂው ግን ከጥጃም ከወተትም የሚቀነስ ቀን ነው። ኮርማውን ደግሞ ሸጠውታል።

እኔ ግን ማታ በዚህ ነገር ሳስብ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አገኘሁ። ዕቃው ፈሳሹን ያጣው ባዶ ስለ ሆነ አይደለም፤ ባዶነቱ ስለ ጠፋበት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሳቁ። እናንተም ሳትስቁ አትቀሩም፤ ስለዚህ ላስረዳ።

ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው በመነካካት ነው፤ ብረት ምጣድ እጅ የሚያቃጥለው በዚህ ነው። ሁለተኛው አየሩ ወይም ውሃው ራሱ ሙቀቱን ተሸክሞ ሲዘዋወር ነው። ሦስተኛው ወላፈን ነው፤ ምድጃ ሳይነኩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ መሞቅ ማለት ነው። አንድን ቀዝቃዛ ነገር ከሙቀት ለመጠበቅ የፈለገ ሰው ሦስቱንም በሮች መዝጋት አለበት። ወላፈኑን በሚያብለጨልጭ ገጽታ መመለስ ይቻላል። ሁለቱን ለመዝጋት ግን በቀዝቃዛው ዕቃና በውጪው መካከል ምንም ነገር፣ አየር እንኳ ሳይቀር፣ እንዳይኖር ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህን ያሰበው በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ያስተምር የነበረው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ዲዋር ነው፤ ዘመኑም 1892 ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1883፣ ሁለት የፖላንድ ሊቃውንት ቭሩብሌቭስኪና ኦልሼቭስኪ ኦክሲጅንንና ናይትሮጂንን ወደ ፈሳሽነት ለውጠው ነበር። ችግሩ የተሠራው ፈሳሽ ዐይን እያየው ተንኖ ማለቁ ነበር። ዲዋር አንዱን ጠርሙስ በሌላው ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከመካከላቸው አየሩን አወጣ፤ ገጽታውንም እንደ መስተዋት አብለጨለጨው። ፈሳሹም ረግቶ ተቀመጠ። ዲዋር ለዚህ ሥራው የፈጠራ መብት አላወጣም። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ጀርመኖች ያንኑ ጠርሙስ ለሻይና ለቡና አድርገው «ቴርሞስ» በሚል ስም መሸጥ ሲጀምሩ ሊቁ ቢከስም አልረታም። እኛ «ፔርሙስ» የምንለው ይኸው ነው። ትኩስ ሻይ የሚያቆየውና ፈሳሽ ናይትሮጂን የሚያቆየው ዕቃ ወንድማማቾች ናቸው፤ ለባዶው ቦታ ሙቀት ከውጭ ይምጣ ከውስጥ ልዩነት የለውም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፤ አየሩ እንዴት ይወጣል?

በ17ኛው መቶ ዓመት የማግደቡርግ ከተማ ሹም የነበረው ኦቶ ፎን ጌሪክ ፓምፕ ሠርቶ፣ ሁለት የመዳብ ቅሎች አፍ ለአፍ አጋጥሞ፣ ውስጣቸው ያለውን አየር አወጣ። በሁለት ወገን የተጠመዱ ፈረሶች ስበው ሊያለያዩአቸው አልቻሉም። ባሌ የፈረስ አገር ስለ ሆነ ይህ ታሪክ ክፍል ውስጥ ሲነገር እንቅልፋም ተማሪ የለም። ከሁሉ የሚጥማቸው ግን ሒሳቡ ነው፤ ግማሽ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቅሎች በባሕር ዳር አየር ገጥሞ የሚይዛቸው ኀይል 20 ኩንታል ያህል ነው፤ በዲንሾ አየር ግን 14 ኩንታል አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ፈረሶች ከጀርመን ፈረሶች በስድስት ኩንታል ይቀላቸዋል፤ ይህንንም ያሰላው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ልብ በሉ፤ ቅሎቹን የያዛቸው ውስጣቸው ያለው ባዶ ነገር አይደለም። ባዶ ነገር አይስብም። የያዛቸው ከውጭ የሚጫናቸው አየር ነው። እኔ ራሴ ይህን ቃል ለቃል ሸምድጄ በፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ፤ የገባኝ ግን ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ነው።

የጌሪክ ዓይነት ፓምፕ አንድ ጉድለት አለው። በአንድ ምት ያገኘውን ግማሽ ያወጣል እንበል፤ በሁለተኛው ምት የቀረውን ግማሽ፣ በሦስተኛው ከዚያ የቀረውን ግማሽ። እንዲህ ሲል ውሎ ቢያድር የመጨረሻውን አያገኘውም፤ ቫልቩና ቀለበቱም የራሳቸውን ያህል ያፈስሳሉ። ሙቀት ለመከልከል ደግሞ ጥቂት ማውጣት አይበቃም፤ ከአየሩ ከመቶ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ እንኳ እንዳይቀር ያስፈልጋል።

ዲዋር የተጠቀመበት ዘዴ ከእናቶቻችን ምድጃ የራቀ አይደለም፤ ከሰል ነው። ከሰልን በጉሊ መነጽር ያየ ሰው ቀዳዳው እንደማያልቅ ያውቃል። በደንብ የተዘጋጀ አንድ ግራም ከሰል ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ እስከ 1000 ካሬ ሜትር ይደርሳሉ፤ ይኸውም አምስት ባለ 200 ካሬ የከተማ ቦታ ማለት ነው። (በግራም ከሰል ላይ ይህን ያህል ቦታ መገኘቱን የከተማ ቦታ አስተዳዳሪዎች ባይሰሙ ይሻላል።) ይህን ከሰል ከባዶው ቦታ ጋራ አገናኝቶ በፈሳሽ አየር ሲያቀዘቅዙት፣ ወዲያ ወዲህ የሚበረው የአየር ሞለኪውል ሁሉ ከሰሉ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱን ይጥልና እዚያው ይጣበቃል። ማንም አልሳበውም። የናይትሮጂን ሞለኪውል በተራ ሙቀት በሴኮንድ ከ400 ሜትር በላይ ይበራል፤ እንዲህ የሚባዝን ነገር ይዋል ይደር እንጂ ራሱ ወደ ወጥመዱ ይመጣል። ቅዝቃዜው ራሱ ፓምፕ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ለእናንተ እንግዳ ከመሰላችሁ ወደ ዲንሾ ማለዳ ተመለሱ። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ሣሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በአየር ውስጥ የነበረው የውሃ ትነት ሣሩን ሲነካ በረዶ ሆኖ ይቀራል። የመስኩ አየር በዚያው ልክ ደረቅ ይሆናል። ያ ሁሉ መስክ የውሃ ትነት የሚይዝ አንድ ትልቅ ፓምፕ ነው። ልዩነቱ ቅዝቃዜው ለውሃ ብቻ የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ናይትሮጂንን እንደ አመዳይ ለማጋገር ከዚያ እጅግ የበለጠ መቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

በዛሬው ዘመን ኢንጂነሮች ያንኑ የሚያደርጉት በመኪና ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጊፎርድና ማክማሆን የተባሉ አሜሪካውያን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሂሊየምን እያመቁና እያላሉ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አወጡ። ከእርሱ የተሠራው ፓምፕ ሁለት እርከን አለው። የመጀመሪያው ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ገደማ ሆኖ የውሃ ትነትን ይይዛል። ሁለተኛው ከዜሮ በታች ወደ 260 ይወርድና ናይትሮጂንን፣ ኦክሲጅንን፣ አርጎንን እንደ አመዳይ ያጋግራል። ሃይድሮጂንና ሂሊየም በዚያም አይጨበጡም፤ ለእነርሱ የተመደበው ከበስተጀርባ የተለጠፈ ከሰል ነው። ዘይት የለበትም፤ ባዶው ቦታ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከር ነገር የለበትም፤ ስለዚህ የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎችና ሳተላይት የሚፈትኑ አዳራሾች ይወዱታል። በደቡብ ፈረንሳይ በሚሠራው ኢተር በተባለው የብዙ መንግሥታት የኑክሌር ውሕደት ጣቢያ ለተዘጋጁት ታላላቅ ፓምፖች የተመረጠው ከሰል ከኮኮናት ቅርፊት የከሰለ ነው። ስንት ሊቅ የተሰለፈበት ሥራ ለመጨረሻዋ ሂሊየም መያዣ ያገኘው ከሰልን ነው፤ ይህ እኔን ያስደስተኛል።

አንድ ነገር ግን አይርሳችሁ። ይህ ፓምፕ የያዘውን ወደ ውጭ አይጥልም፤ ያከማቻል። ሲጠግብ ማሞቅና ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። የወዳጄ ዕቃም እንዲሁ ነው። በሁለቱ አሉሚኒየም ግድግዳዎች መካከል፣ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋራ የተያያዘ ጥቂት ከሰል ወይም የመሰለው ነገር አለ። ከብረቱ እየሾለከ የሚወጣውን ትንሽ ትንሽ አየር እየለቀመ ባዶነቱን የሚጠብቅ ዘበኛ ይኸው ነው። ዘበኛው የሚሠራው እስከ ቀዘቀዘ ድረስ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ደርቆ የቆየ ዕቃ እንደገና ሲሞላ በመጀመሪያው ቀን ብዙ የሚበላው፣ እስኪቀዘቅዝና ዘበኛው ወደ ሥራው እስኪመለስ ድረስ ነው። የተረጋጋ ደኅና ዕቃ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ በቀን ከአንድ ብርጭቆ ያነሰ ያተናል።

የእኛ ዕቃ ምን ሆነ? ውስጠኛው ገንዳ ከውጪው ጋራ የሚገናኘው በአንገቱ ብቻ ነው፤ እንደ ደወል ምላስ ተንጠልጥሏል። ሙቀት በመነካካት እንዳይገባ ሲባል አንገቱ ከብረት ሳይሆን ከቀጭን ፋይበርግላስ ይሠራል። ከአስፋልቱ ወርዶ በኮረኮንች ላይ በሞተር ብስክሌት ሲናጥ ምላሱ ይወዛወዛል፤ አንገቱም ፀጉር የማታህል ስንጥቅ ታወጣለች። ስንጥቋ ለዐይን አትታይም፤ አየር ግን መንገዱን አያጣም። ዘበኛው ከሰል አንድ ሌባ ይይዛል፤ ሰልፈኛ ሲመጣበት ግን ምን ያድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀት ገባ፤ ናይትሮጂኑ ፈላ፤ ቅዝቃዜው ወደ ውጪው ቆርቆሮ ደረሰ። ቀን በፀሐይ ሳይቀር ላብ ያወጣ፣ ሌሊት በአንገቱና በትከሻው ዙሪያ አመዳይ የጋገረው ያ ነው። ዕቃው በሚችለው ቋንቋ ይነግረን ነበር። በቆላ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ያየው ነበር፤ በዲንሾ ግን አመዳይ ማንን ያስደነግጣል?

ሙያው ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀል በ1938 በአሥመራ ተሞክሮ በጦርነቱ ተቋርጧል፤ በ1952 እንደገና ተጀመረ። ጎረቤታችን አርሲ ደግሞ በ1967 በስዊድን ርዳታ በተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በኩል ቀድማናለች። በ1980ዎቹ በቃሊቲ ብሔራዊ ማዕከል ተቋቋመና አባለዘሩ በአገር ውስጥ ተዘጋጅቶ ይሰራጭ ጀመር። በረዶ የዘሩን ሕይወት እንዳያጠፋው ግሊሰሪን መጨመር የሚለው ዘዴ የተገኘው በ1949 በእንግሊዝ አገር ነው፤ የተገኘውም በስሕተት ነው። ፖልጅና ጓደኞቹ የስኳር ውሕድ ነው ብለው ከማቀዝቀዣ ያወጡት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሌላ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ግሊሰሪን ነው። እንዲህ የቀዘቀዘ ዘር ዕድሜውን አይቆጥርም። በ1968 በአውስትራሊያ ከቀዘቀዘ የበግ አባለዘር ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ግልገሎች መወለዳቸውን የሲድኒ ዩኒቨርስቲ አስታውቋል። ዕቃው ባዶነቱን ቢያጣ ግን ያ ሁሉ ዘር የሚሞተው በአንድ ቀን ነው።

ለዚህ ነው በመዝገብ አያያዛችን የምገረመው። ወዳጄ ዕቃውን ሲረከብ በሞዴል 22 ፈርሟል፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱም ሲገባለት ሞዴል 19 ቆርጧል። ቀለሙ ተጽፏል፣ የሚይዘው ሊትር ተጽፏል፣ ክዳን አንድ፣ የቆዳ መያዣ አንድ ተብሏል። ዋናው ነገር፣ ዕቃውን ዕቃ ያደረገው ባዶ ቦታ፣ የሚመዘገብበት ዓምድ የለም። እርግጥ ነው፣ «ባዶነት፤ ብዛት፦ አንድ» ብሎ የሚጽፍ ንብረት ክፍል ቢገኝ ኦዲተር ያስቸግረዋል። ግን አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ይበቃ ነበር። ዕቃውን በየማለዳው መዝኖ መጻፍ ነው፤ አንድ ሊትር ናይትሮጂን 800 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በድንገት የቀለለ ዕቃ በሽተኛ ነው። ይህን የሚለው ሕግ ያልወጣ አይደለም፤ ከዕቃው ጋራ በሚመጣው መመሪያ ላይ አለ። መመሪያው ግን ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ከክዳኑ ጋራ በመሳቢያ ውስጥ ይኖራል።

ታሪኩን ክፍል ውስጥ ጨርሼ ሰሌዳ ስጠርግ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። «አየር ማውጣት ይህን ያህል ከሠራ፣ ማስገባትስ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጥያቄው ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ስለ ነበረ ደስ አለኝ፤ መልሱንም ከምፅዋ አመጣሁላት።

በሚያዝያ 1941 ጣልያኖች ምፅዋን ሊለቁ ሲሉ በወደቡ ያሉትን መርከቦች በገዛ እጃቸው አሰጠሙ፤ መርከብ የሚጠገንባቸውን ታላላቅ የብረት ተንሳፋፊ ገንዳዎችም እንዲሁ በፈንጂ በስተው ወደ ታች ሰደዷቸው። (ምፅዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት።) እንግሊዞች መጥተው አይተው አይነሣም አሉ። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኀይል መኮንን መጣ። ይህ ሰው በ1926 በአገሩ ከባሕር ሥር 40 ሜትር ያህል ወርዶ የነበረውን ኤስ-51 የተባለ ሰርጓጅ መርከብ ያወጣ ነው። የያኔው ዘዴ በውሃ የተሞሉ በርሜሎችን አጠገቡ ማስመጥ፣ ሰንሰለት ከሆዱ ሥር ማሳለፍ፣ ከዚያም በበርሜሎቹ ውስጥ አየር መንፋት ነበር። ምፅዋ ላይ ያጋጠመው የተለየ ነው፤ ገንዳው ሆዱ ተበስቷል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ቀዳዳውን መድፈን ነው። ኤልስበርግ ግን ከላይ ያለውን ብቻ አሽጎ የታመቀ አየር ነፋበት። አየር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሸሽም፤ ከላይ ከታሸገ ውሃውን በሆዱ ቀዳዳ ወደ ታች እየገፋ ያስወጣዋል። ቀዳዳው ጠላት መሆኑ ቀርቶ የውሃው መውጫ በር ሆነ። ያ ሁሉ ብረት በምፅዋ ሙቀት፣ በጥቂት ጠላቂዎችና በአየር መጭመቂያዎች ብርታት ተነሣ። ብርጭቆ ደፍታችሁ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ በቀጭን ቱቦ ብትነፉበት በገበታችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

ከባሕር ማውጣት ከከበደ፣ ወደ ባሕር አውርዶ በተፈለገው ነጥብ ላይ ማሳረፍ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የሚመጣው ኢንተርኔት ብዙው በጅቡቲ በኩል ከባሕር ሥር በተዘረጉ ገመዶች ነው፤ ቀይ ባሕር ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ከ2500 ሜትር ይጠልቃል። በጥልቅ ባሕር ሥራ ላይ አንድ ብረት በ3000 ሜትር ገመድ ወደ ወለሉ ይወርዳል እንበል። ልክ እንደ ዲንሾ ከፍታ መሆኑ ነው፤ እኛ በአናት የወጣነውን እርሱ በእግሩ ይወርዳል። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ገመድ ያን ያህል ሲረዝም ውሃ ውስጥ ሆኖ እንኳ የራሱ ክብደት ብቻ ከ25 ቶን ይበልጣል፤ ስለዚህ ዛሬ ውሃ ውስጥ ክብደታቸው ኢምንት የሆነ የፕላስቲክ ዘር ገመዶች ተተክተዋል። ሁለተኛው ችግር ማዕበል ነው። መርከቧ ሁለት ሜትር በተነሣችና በወረደች ቁጥር ጭነቱ ይደንሳል፤ ወለሉንም ሊመታ ይችላል። መድኀኒቱ ገመዱን እንደ ጥሩ ባላገር ልጓም ያዥ ማላላትና ማጥበቅ ነው፤ በአንዳንዱ መሣሪያ ይህን የሚያደርገው የታመቀ ጋዝ እንደ ሞላ ሆኖ ነው። ጋዙም ምን እንደ ሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፤ ናይትሮጂን ነው። ጭነቱ የት እንደ ደረሰ የሚታወቀው ደግሞ በድምፅ ነው፤ ብርሃንም ራዲዮም ጥልቅ ውሃን አይሻገሩም። ድምፅ በባሕር ውሃ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ከ3000 ሜትር ታች ጠርቶ መልስ ለመስማት አራት ሴኮንድ መጠበቅ ነው። ያቺ ተማሪ ይህን ሰምታ «ከወረዳ ቶሎ ይመልሳል» አለች፤ ክፍሉም ሳቀ፤ እኔም እንዳልሰማ ሆንሁ።

የሐጂውን ነገር ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ወዳጄ በ20ኛው ቀን ከሮቤ የተዋሰውን ሌላ ዕቃ ይዞ ወደ ሐጂው መንደር ሄደና እዚያው አደረ። በማግሥቱ ላሟ ኮርማ ፈለገች፤ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ሠራ። ሦስት ወር ቆይቶ ሲመረምራት ይዛለች። ሐጂው ማር ላኩለት፤ ዐይብ ደግሞ ለእኔ፤ ምንም እንዳላደረግሁ ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

የተበላሸው ዕቃ ግን አሁንም ዕቃ ግምጃ ቤት ቆሟል። ተሰንጥቆ ተከፍቶ ከሰሉ ለተማሪዎች ይታይ ዘንድ ለተማሪ ቤታችን ይሰጠን ብለን በደብዳቤ ጠይቀናል። ከንብረት መዝገብ እስኪሰረዝ አይቻልም፤ የሚሰርዘው ኮሚቴ ደግሞ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል ተብለናል። በዚህ በጥር ማለዳ በመስኮቱ በኩል አየሁት። አመዳይ የለበትም።